ስኪዞፍሬኒያ «የሆርሞን ጂን» ነው ወይ? ደም ለማስመርመር አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼ ነው የማቀርበው። ታላቅ ወንድሟ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ተብሎ ዓመታት መድኃኒት ወስዷል። እሷ ደግሞ ልትታጭ ነው። የልጁ ቤተሰቦች «በዘራቸው ነገር አለ» የሚል ወሬ ሰሙና ሽማግሌ መላኩን አዘገዩት። በመሃል አንድ ተማርኩ ባይ ዘመድ «በሽታው የሚመጣው ከሆርሞን ሪሴፕተር ጂን ነው፤ አስመርምሩና ነጻ መሆናችሁን በወረቀት አሳዩአቸው» አላቸው። ጥያቄዋ ይሄው ነው፦ «ዶክተር፣ ምርመራው የት ነው የሚሠራው? ስንትስ ይፈጃል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አንድን ሰው «ስኪዞፍሬኒያ ይይዝሃል» ወይም «አይይዝህም» የሚል የሆርሞን ሪሴፕተር ጂን ምርመራ የለም። አዲስ አበባም የለም፣ ዱባይም የለም፣ አሜሪካም የለም። «አለ» ብሎ ብር የሚቀበላችሁ ካለ የሚሸጥላችሁ ወረቀት ነው።

ግን የዘመድየው ነገር ከአየር የመጣ አይደለም። ሳይንቲስቶች ይሄን ጥያቄ በቁም ነገር ጠይቀውታል፤ ምክንያትም ነበራቸው። የተገኘው መልስ ግን ሰፈር ከሚወራው በጣም ይለያል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

ሆርሞን ማለት አንድ የሰውነት ክፍል አምርቶ በደም የሚልከው መልእክት ነው። ኤስትሮጅን፣ ቴስቶስቴሮን፣ ኮርቲሶል፣ ፕሮላክቲን፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ኢንሱሊን ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ደም ሁሉም ጋ ስለሚዞር መልእክቱ ሁሉም ቤት ይደርሳል። የሚሰማው ግን ሬዲዮ ያለው ቤት ብቻ ነው። ያ ሬዲዮ ነው ሪሴፕተር የሚባለው። አንጎላችን ውስጥ የኤስትሮጅን ሬዲዮ ያላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ስሜትን፣ ትውስታንና አስተሳሰብን በሚመሩ ቦታዎችም ጭምር። ሬዲዮው የሚሠራበት ንድፍ ደግሞ ጂን ነው። ንድፉ ከሰው ሰው በጥቂት ፊደል ይለያያል። የኤስትሮጅን አልፋ ሪሴፕተር ጂን ክሮሞሶም 6 ላይ ነው፤ የወንዴው ሆርሞን ሪሴፕተር ጂን ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፣ ያም ማለት ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ የሚወርሰው ነው። (ይሄን አንብባችሁ «በእናቱ በኩል ነው የመጣበት» ማለት እንዳትጀምሩ፤ ገና አልጨረስኩም።)

ጥርጣሬው ከየት መጣ? ከታማሚዎቹ ነው። ጀርመን ማንሃይም ከተማ ሄፍነር የተባሉ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ታማሚዎችን በዝርዝር ሲመዘግቡ ሴቶች ላይ በሽታው የሚጀምረው ከወንዶች ከ3 እስከ 4 ዓመት ዘግይቶ እንደሆነ አዩ። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ወር አበባ ሊቆም ሲቃረብ፣ 45 ዓመት አካባቢ፣ ሁለተኛ ትንሽ ጭማሪ አለ። ኤስትሮጅን ሲኖር ዘገየ፣ ኤስትሮጅን ሲቀንስ መጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ አንዳንድ ሴቶች የወር አበባቸው ሲቃረብ ሕመሙ ይብስባቸዋል። ስለዚህ «ኤስትሮጅን አንጎልን ይጠብቅ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ራሱ ይመጣል፤ ሬዲዮው የተበላሸበት ሰውስ?

እኛም አገር የሚያስገርም ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ዶ/ር ደረጀ ከበደ ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ያካተተ ጥናት ጀመሩ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ። ቤት ለቤት ተጠየቀ፣ የአካባቢውን ሰው የሚያውቁ ሰዎችም ተጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ የተገኘው ከ1,000 ሰው ወደ 5 በሚጠጋው ላይ ነው፤ ከሌላው ዓለም ብዙም አይርቅም። የሚያስገርመው ግን አምስት ወንድ ለአንዲት ሴት ገደማ መሆኑ ነው። በሌሎች አገሮች ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ሁለት ለአንድ እንኳ አይሞላም።

«አያችሁ! ኤስትሮጅን ጠበቃቸው» ማለት ይቀላል። እኔ ግን አልቀበለውም። የቡታጅራ ሴት ኤስትሮጅን ከማንሃይም ሴት ኤስትሮጅን አይለይም፤ ሆርሞን ልዩነቱን ጥቂት ቢያሰፋው እንጂ ወደ አምስት እጥፍ አያደርሰውም። የቀረውን የኔ ጥርጣሬ ወደ ዓይናችን ነው የሚወስደው። ወንድ ሲታመም መንገድ ላይ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ከሰው ይጋጫል፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሴት ልጅ ታማ ቤት ውስጥ ጥግ ይዛ ብትቀመጥ፣ ከሰው ጋር ባታወራ፣ «ጨዋ ናት፣ ዓይነ አፋር ናት» ትባላለች። ብትጮህ ደግሞ ዛር ነው፣ ጅን ነው ተብሎ ጠበል ወይም ሩቅያ ትወሰዳለች እንጂ በሽተኛ ተብላ አትቆጠርም። ደሴ ውስጥም የማየው ይሄንኑ ነው፤ ሴቶቹ ወደ እኛ የሚመጡት ዘግይተው፣ ከስተው፣ ብዙ ቦታ ዞረው ነው። ይሄ የጂን ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ጂኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንቲያ ዋይከርትና ባልደረቦቿ ሂውማን ሞለኪውላር ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት ላይ የኤስትሮጅን አልፋ ሪሴፕተር ጂን ልዩነቶች ከስኪዞፍሬኒያ ተጋላጭነት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ጻፉ። ያን ጊዜ ትልቅ ዜና ነበር። ሌሎችም የወንዴውን ሆርሞን ሪሴፕተር፣ የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን የኮርቲሶልን ሪሴፕተር፣ የኦክሲቶሲንን ሪሴፕተር መረመሩ። አንዱ «አገኘሁ» ይላል፣ ሌላው ሲደግመው ያጣዋል።

ችግሩ የዘመኑ አሠራር ላይ ነበር። ተመራማሪው «ይሄ ጂን ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በግምት አንዱን ይመርጥና ጥቂት መቶ ሰው ላይ ይፈትሻል። ሰኞ ገበያ ገብታችሁ አምስት ሰው ብቻ ጠይቃችሁ የደሴን የጤፍ ዋጋ እንደመናገር ነው፤ አንዳንዴ ይገጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በዚህ መንገድ ስም ያወጡ 25 ጂኖችን በትልቅ መረጃ ሲፈትሻቸው፣ በጥቅሉ ከማንኛውም በዕጣ ከተመረጠ ጂን የበለጠ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። ብዙ የዶክትሬት ሥራ በአንድ ጽሑፍ ተጠራርጎ ሄደ!

ከዚያ በኋላ የመጣው አሠራር አይገምትም፤ መላውን የዘረመል መጽሐፍ ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ላይ የታተመው ትልቁ ሥራ ከ76 ሺህ በላይ ታማሚዎችንና ከ243 ሺህ በላይ ጤነኞችን አነጻጽሮ 287 ቦታዎችን አገኘ። አንድ ሳይሆን 287! እያንዳንዱ ቦታ ተጋላጭነትን የሚጨምረው በጣም በትንሹ ነው፤ ብቻውን ማንንም አያሳምምም። ጎልተው የወጡት ጂኖች ደግሞ በብዛት የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መጋጠሚያ ላይ የሚሠሩ ናቸው። እንግዲህ «የሆርሞን ሪሴፕተር ጂን ነው ምክንያቱ» የሚለው አባባል ዛሬ ላይ አይቆምም። ሆርሞን ምንም ሚና የለውም ማለት ግን አይደለም። አንድ ጂን ብቻውን ይፈርዳል የሚለው ነው የወደቀው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የእነዚህ ትልልቅ ጥናቶች ተሳታፊ በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ያለው ነው። በአውሮፓውያን ላይ የተሠራ የጂን ነጥብ አፍሪካዊ ላይ ሲሞከር በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ነገ አንድ ድርጅት «የስኪዞፍሬኒያ የጂን ነጥብ እናወጣላችኋለን» ቢላችሁ፣ ለአውሮፓዊ እንኳ ደካማ የሆነው ለወሎ ሰው ደግሞ የባሰ ደካማ ነው። ይሄ ክፍተት የገባቸው ተመራማሪዎች አሉ። ደቡብ አፍሪካ የኮሳ ሕዝብ ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ ላይ የወጣው ጥናት አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ተቋማት ጋር የሠራበት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ደግሞ በአራቱ የአፍሪካ አገሮች ከአሥር ሺዎች ሰዎች ምራቅ ሰብስቧል። በዚህ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ምራቅ መኖሩ ደስ ይለኛል። የሚሰበሰበው ግን ለምርምር ነው፤ ለእጮኛ የሚታይ ወረቀት አይወጣበትም።

እሺ፣ ታዲያ ለልጁ ቤተሰቦች ምን ይባላል?

እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ስኪዞፍሬኒያ በቤተሰብ የመደጋገም ዝንባሌ አለው። ከጠቅላላው ሕዝብ መቶ ሰው ብንወስድ የሚይዘው አንድ ሰው ቢሆን ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ወደ መቶ ውስጥ 9 ወይም 10 ይደርሳል። ይሄን ገልብጣችሁ አንብቡት፦ ከመቶ የታማሚ እህቶች 90ዎቹ በሕይወታቸው አይያዙም። ጠያቂያችን ደግሞ 30 ዓመት አልፏታል፣ ጤነኛ ናት፣ በብዛት የሚጀምርበትን ዕድሜ እያለፈችው ነው፤ የእሷ ስጋት ከዚያም ያንሳል። ልጅ ብትወልድ፣ ልጁ አጎቱ ታማሚ ነው ማለት ነው፤ እሱ ላይ ዕድሉ ከመቶ 3 ገደማ ነው። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው መንትዮች እንኳ አንደኛው ቢታመም ሌላኛው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይሆናል። ሌላም አለ፦ አብዛኛው ታማሚ የቅርብ ዘመዱ ውስጥ ታማሚ የለውም። «ዘራቸው ንጹህ ነው» ተብሎ የተመረጠ ቤትም ልጁ ሊታመም ይችላል።

ይሄ ዝም ብሎ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ የቡታጅራ ጥናት 178 የታማሚ ቤተሰቦችን ጠይቆ ነበር። 75 በመቶው መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል አሉ። 37 በመቶው ታማሚ ዘመድ እንዳላቸው መደበቅ ይፈልጋሉ። የተደበቀ ታማሚ ቀጠሮ አይሄድም፣ መድኃኒት አይወስድም፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይቆለፍበታል። የቡታጅራ ታማሚዎች ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አጥተው እንደሚሞቱ ታየ፤ ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ዘር እየቆጠርን የምናዘገየው ጋብቻ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለእሷ የመለስኩላት ይሄን ነው፦ ለልጁ ራሱ ንገሪው፣ ከሌላ ሰው አፍ አይስማ። ከፈለገ ቁጥሩን ይዞ እኔ ጋም፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም መጥቶ ይጠይቅ። ደም ግን ለማንም እንዳትሰጪ።

«ዘር ነው» የሚለው መልስ ሌላም ጉዳት አለው፤ ዓይናችን ሥር ያለውን ምክንያት ይሸፍናል። ደቡብ ወሎ ብዙ ልጆቿን ወደ ዓረብ አገር የላከች ዞን ናት። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤሩት አእምሮዋ ተነክቶ የተመለሰች ልጅ የሌለበት ቀበሌ ካለ ንገሩኝ። ስደት ራሱ ለሳይኮሲስ እንደሚያጋልጥ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የታየ ነው። በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብደባ፣ ደመወዝ መከልከል፣ ብቻዋን ቤት ውስጥ መቆለፍ ይጨመርበታል። ልጅቷ ስትመለስ ግን ጎረቤት የሚጠይቀው «በእናቷ በኩል ያበደ ነበር እንዴ?» ብሎ ነው። ጫትን በተመለከተ ለብቻው ስለጻፍኩ አልደግመውም፤ መድኃኒት ላይ ሆኖ መቃም ግን ሕመሙን ያገረሻል፣ ነጥብ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ስለ ሆርሞን ሪሴፕተር ማውራት ከፈለጋችሁ፣ ደሴ ላይ ዛሬ የሰው ሕይወት የሚቀይረው ኤስትሮጅን አይደለም፤ ፕሮላክቲን ነው።

የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች በዋናነት የሚሠሩት ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ሪሴፕተር በመዝጋት ነው። ዶፓሚን ደግሞ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ ሌላ ሥራ አለው፤ ፕሮላክቲን የተባለውን የወተት ሆርሞን ልጓም ይዞ ያቆያል። መድኃኒቱ ሪሴፕተሩን ሲዘጋ ልጓሙ ይላላል። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶንና በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ይሄን ያደርጋሉ። ፕሮላክቲን ሲጨምር ወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፤ ያልወለደች ሴት ጡቷ ወተት ሊያወጣ ይችላል። ወንዶች ላይ ጡት ሊያብጥ፣ የወሲብ ፍላጎት ሊጠፋ ይችላል።

ይሄ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ያላገባች ልጅ ናት፤ ሦስት ወር አላየችም። እናት «ፅንስ ነው» ብላ ትጠረጥራለች፣ ወንድም ይደባደባል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ መንፈሱ ጨረሳት ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! የወሩን መርፌ ከሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ጋር አምታተው «ማን ነው ያስወጋሽ?» የሚሉም አጋጥመውኛል። ልጅቷ ራሷ አፍራ ለማንም ሳትናገር መድኃኒቱን ትጥለዋለች። ከጥቂት ሳምንት ወይም ወር በኋላ ድምፅ መስማቱ ይመለሳል። ባለትዳሩ ወንድም እንዲሁ ነው፤ ለሚስቱ ከሚያፍር መድኃኒቱን መጣል ይመርጣል።

እዚህ ጋ የኛም የሐኪሞች ድርሻ አለ። መድኃኒቱን ስንጽፍ «ወር አበባሽ ሊዛባ ይችላል፤ ከቀረ ነይ፤ ራስሽ እንዳታቋርጪ» ብሎ መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስትመጣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይሠራል፣ ምክንያቱም ወር አበባ የተዛባባትም ሴት ልታረግዝ ትችላለች። ከዚያ መጠን መቀነስ ወይም እንደ ኦላንዛፒን ያለ ፕሮላክቲንን እምብዛም የማይጨምር መድኃኒት መቀየር ይቻላል፤ ኦላንዛፒን ክብደትና ስኳር ስለሚጨምር እሱም ክትትል ይፈልጋል። አሪፒፕራዞል ለዚህ ጥሩ ነው፣ ግን በየፋርማሲው እንደ ልብ አይገኝም። ወንድሞቼም፣ ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

«ታዲያ ኤስትሮጅን ራሱ መድኃኒት አይሆንም?» ለምትሉ፣ ተሞክሯል። ሜልበርን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ለ102 ሴቶች ከመደበኛው መድኃኒት ጋር ግማሾቹ ላይ የኤስትሮጅን ፕላስተር ለ28 ቀን ለጥፎ ምልክቶቹ የበለጠ ሲቀንሱ አይቷል። ራሎክሲፊን የተባለው የኤስትሮጅን ሪሴፕተር መድኃኒት ደግሞ ስፔን ውስጥ ጥሩ ውጤት አሳይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ሙከራ ላይ በጽኑ የታመሙትን ሴቶች ከባዶ ክኒን ያነሰ ነው የረዳቸው። ነገሩ ገና አልጠራም። ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ክኒን እየገዛችሁ ለታመመች እህታችሁ እንዳትሰጡ፤ ደም መርጋት የሚባል ነገር አለ።

ሆርሞን በእርግጥ መፈተሽ ያለበት ጊዜም አለ። ታይሮይድ ሲበዛ ወይም ሲያንስ አእምሮን ያውካል፤ አልፎ አልፎ ሳይኮሲስ መስሎ ይመጣል። እንቅርት በደጋው አካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮው ሲታወክ፣ በተለይ እንቅርት ካለው፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ልቡ በኃይል የሚመታና እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የታይሮይድ ምርመራ ይሠራለት። ለጂን ልታወጡት የነበረውን ብር እዚህ ላይ አውሉት፤ ከተገኘ የሚታከም ነገር ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ወሊድ ነው። የእንግዴ ልጅ ሲወጣ በእርግዝና ወራት ሰማይ የነካው ኤስትሮጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ከ1,000 ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቷ በዚህ ጊዜ አእምሯቸው በድንገት ይታወካል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ይሄ በአብዛኛው ከስኪዞፍሬኒያ ይልቅ ባይፖላር ከሚባለው ሕመም ጋር ነው የሚዛመደው፣ በጊዜ ከታከመም በደንብ ይድናል። የኛ ሰው «አራስ ብቻዋን አትተውም» የሚለው ልማድ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ከጎኗ ያለ ሰው ለውጡን ቀድሞ ያያል። አራሷ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ንግግሯ ከተደበላለቀ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች፣ ወይም ስለ ሕፃኑ የሚያስፈራ ነገር ከተናገረች ቀን አትጠብቁ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ እሷን ግን በዚያው ሌሊት ባጃጅ ጠርታችሁ ድንገተኛ ክፍል አምጧት። ሕፃኑንም ከሚይዘው ሰው ጋር አብራችሁ አምጡት፤ መጥባት አለበት፣ የምትወስደውንም መድኃኒት የምንመርጠው እሱን አስበን ነው።